መንገዱ ሲደርቅ ኑ

ቦንጋ ውስጥ አንድ ሰሞን ከእኔ በላይ የተከበረ ሰው አልነበረም። የዞኑን ባለሥልጣናት ጨምሬ ነው የምለው። ክብሩ ግን የእኔ ሳይሆን የመኪናዬ ነበር። እኔ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ በእግሬ ስሄድ ከልቡ ሰላም የሚለኝ ቤት መሥራት የጀመረ ሰው ብቻ ነው። በዚያች ጥቁር መኪና ውስጥ ስቀመጥ ግን ዘበኛ ሳይፈትሽ በር ይከፍትልኛል፣ ባጃጆች ዳር ይይዛሉ፣ ከመናኸሪያ የሚወጣው ሚኒባስ ሳይቀር ጥሩምባውን ይውጣል። አንድ ቀን ለቀብር ሄጄ ለቀስተኛው ሁሉ መኪናዬን ከቦ ሟቹን ረሳው ብላችሁ አታምኑኝም። አትመኑኝ። ግን ወደዚያ የተጠጋ ነገር ሆኗል።

ከተማው "ጥቁሯ ጀርመን" ይላት ነበር። ፋብሪካዋ ያወጣላትን ስም አልጽፍም፤ በአገሯ ጥፋት የለባትም። አዲስ አበባ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖራ ነው በእርጅናዋ እኔ ዘንድ የደረሰችው። ወንበሯ ቆዳ ነው። በሯ ሲዘጋ እንደ ባንክ ካዝና "ድም" ይላል። ሞተሯ አይጮህም፤ እንደ ጨዋ ሰው ያንሾካሹካል። የተሠራችለትን መንገድ ብትሰጧት የሚስተካከላት አልነበረም። ችግሩ ያ መንገድ ከቦንጋ አስፋልት ወጣ እንዳላችሁ ያልቃል።

ዳሽቦርዷ ላይ የማይበራ መብራት አልነበረም፤ እንደ ሠርግ ቤት ደምቆ ነው የሚውለው። ቢጫው ሲጠፋ ቀዩ ይበራል፤ ቀዩን ሳስጠፋ ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ብርቱካናማ ይመጣል። የከተማችን መካኒኮች ኮፈኗን ከፍተው ያዩና እንደ ሬሳ ሳጥን ቀስ ብለው ይከድኑታል። "ይቺን ኮምፒውተር ነው የሚያነባት" ይላሉ። ኮምፒውተሩ ያለው ጅማ ነው። የጅማው ኮምፒውተር አንብቦ አንብቦ "አዲስ አበባ ውሰዷት" ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ "ዕቃው ከዱባይ ይምጣ" ይላሉ። እኔ ቀርቶ ፓስፖርቴ ያላየውን አገር የመኪናዬ ዕቃ ተመላልሶበታል።

ያም ሆኖ እወዳት ነበር። ሰው የሚያስከብረውን ነገር አይጠላም።

በዚህ መሀል ነው አንዲት አስተማሪ ለክፍሏ ጥቁር ሰሌዳ ቀለም ልትገዛ ሱቄ የገባችው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው የመጣችው፤ ሂሳብ ታስተምራለች። እኔ ያኔ አርባን ተሻግሬያለሁ፤ ዘመዶቼ ስለ ጋብቻዬ ማውራት ትተው ስለ ጤናዬ መጠየቅ ጀምረዋል። ቀለሙን እየለካሁ መኪናዬ በምትታይበት በኩል ቆምኩ። ዞር ብላ አየቻት።

"የእርስዎ ናት?"

"የእኔው ናት።"

"ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን በር ላይ ተማሪዎች ሲገፏት የነበረችው?"

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ከዚያ በኋላ "እርስዎ" ወደ "አንተ" ወረደ፣ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት መዞር መጣ፣ ጠዋት ጠዋት ስትደውልልኝ ግን "እንዴት አደርክ" ብላኝ አታውቅም። "እንዴት አደረች?" ነው የምትለኝ። "ዛሬ ተነሳች? እህል ቀመሰች?"

ነገሩ ከሻይ ወደ ጋብቻ ሲያድግ ሳቋን ሰብሰብ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። አባቷ ደካ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ጌሻ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወደ ደጋው ሽቅብ። ማርና እንሰት ነው ኑሯቸው። እናቷ አርፋለች። ታላቅ እህቷ አዲስ አበባ አግብታ ሄዳለች።

"አባቴ እሺ ካላሉ አላገባህም" አለችኝ። "ስለዚህ ሽማግሌ ላክ። ግን አንድ ነገር እወቅ፤ አባቴ እምቢ አይሉም።"

"ታዲያ ምን አሳሰበሽ?"

"እምቢ አይሉማ። ቀጠሮ ነው የሚሰጡት። ሰውዬው እስኪሰለቸው ድረስ።"

እኔ ስቄ አለፍኩት። ጥቁሯን ጀርመን አይቶ ቀጠሮ የሚሰጥ አባት አልተፈጠረም ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌዎቼን መረጥኩ። አንደኛው አጎቴ ናቸው፤ ሁለተኛው የድሮ ርዕሰ መምህሬ፣ ጡረታ የወጡ፣ ዛሬም ከተማው ሁሉ "ዳይሬክተር" የሚላቸው፤ ሦስተኛው የሰፈራችን ወንጌላዊ፣ ጸሎት ካልሆነ በቀር ከአፋቸው ቃል የማይወጣ። ወጉን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ የሰው ቤት ገብቶ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። ሙሽራ ነኝ ባይ ደግሞ በዚያ ቀን በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል።

ችግሩ ጥቁሯን ጀርመን ከእኔ በቀር የሚነዳት አልነበረም። ቁልፏ ራሱ ጠባይ ነበረው፤ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ኪሴ ውስጥ ሆኖ "የለሁም" ይላል። ስትነሳ ፍሬኑን በግማሽ ረግጣችሁ፣ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ አድርጋችሁ፣ በሆዳችሁ "አባት ሆይ" ማለት አለባችሁ። ይህን ለሌላ ሹፌር ማስተማር ዲግሪ እንደ መስጠት ነው።

"እንግዲህ አንተው ንዳ" አሉ ዳይሬክተሩ። "ከመኪናው ግን አትወርድም። ሙሽራ አይደለህም፤ ሹፌር ነህ።"

"ባርኔጣ ያድርግ" አሉ አጎቴ። "ሹፌር ባርኔጣ አለው።"

እንዲህ ሆኖ ነው የራሴን ሽማግሌ ራሴ አሳፍሬ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ለራሴ ሚስት ልጠይቅ የወጣሁት። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ጌሻ ላይ ሚያዝያ ማለት ዝናቡ ለክረምት የሚለማመድበት ጊዜ ነው።

ከደካ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ሁለት ዛፎች መንገዱን ከግራና ከቀኝ በሚያጠቡበት ቦታ፣ ጥቁሯ ጀርመን በሆዷ ተኛች። ሰጠመች አልልም፤ ተኛች። ቆዳ ወንበሯና ሞቃት አየሯ አልጎደለም፤ ጎማዎቿ ብቻ ለከንቱ ይሽከረከራሉ። ጭቃው በአጎቴ ነጭ ጋቢ ላይ ካርታ ሳለ። ወንጌላዊው ጸለዩ። አጠገባችን የሚያርስ አንድ ገበሬ ሲያየን ቆየና በሬዎቹን ይዞ መጣ፤ ከአመጣጡ ስንት መኪና እዚያ ቦታ እንዳወጣ ያስታውቃል። በሬዎቹ ያቺን የከበረች መኪና እንደ ማረሻ ጎተቷት። ፓራውልቷ ግማሹ እዚያው ቀረ፤ ገበሬው በኋላ ለዶሮዎቹ ውኃ መጠጫ አድርጎታል።

በማለዳ ደርሰን ሰውዬውን ከቤት ሳይወጡ ልናገኝ የወጣን ሰዎች፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ለብሰን ደረስን። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ ከግቢው ውጭ በመኪናው ውስጥ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ ተንኳኳ። አንድ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ የእንሰት ቅጠል እንደ ጃንጥላ ደፍተው ቆመዋል። መስኮቱን ልከፍት ብጫን አልከፈት አለኝ፤ ያቺን ዕለት መስኮቷም አኩርፋለች። በሩን ከፈትኩ።

"እንደምን ዋልክ፣ ሹፌር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ።"

"እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ቤት ቆመዋል። አስባለሁ ብያቸው ወጣሁ። የማን መኪና ናት?"

"የሙሽራው... ማለቴ የሰውዬው ናት።"

"እሱ የት ነው?"

"ቤቱ ነው፣ አባባ። እየጸለየ።"

"እንዴት ያለ ሰው ነው?"

እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው ስለ ራሱ የልቡን እንዲናገር ሲጠየቅ! "አባባ" አልኩ፣ "እኔ ብዙ ሰው ነድቻለሁ። እንደሱ ያለ አላየሁም። ደግ ነው። ትሑት ነው። ሠርቶ አይደክም፣ ተናግሮ አያስቀይም። ቦንጋ እሱ ባይኖር ቤቶቿ ክዳን አይኖራቸውም ነበር።"

"ቁመናውስ?"

"እኔን ነው የሚመስል። ትንሽ ያምራል።"

"ሆዱስ?"

ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። "ሆድ የሚባል ነገር የለውም።"

"ተመስገን" አሉ። "መኪናዋ መሬት የነካችው የጫነችው ሰው ከብዷት እንደሆነ ብዬ ነው።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ። ጭቃውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። የተሰበረውን ፓራውልት አዩ። የሰው ላም እንደሚያዩ ሰው ጎኗን መታ መታ አደረጓትና፣ "ታምራለች" አሉ። "አስፋልት ነው የምትወደው?"

"አዎ አባባ፤ ለእሱ ነው የተሠራችው።"

"አስፋልቱ እኛ ጋ መቼ ነው የሚመጣው?"

"እንጃ፣ አባባ።"

"እኔም እንጃ" አሉና ገቡ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። ዳይሬክተሩ ከመቆም ብዛት ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ተሳክቷል!" አሉኝ። "እምቢ አላሉም። መንገዱ ሲደርቅ ኑ ብለውናል።"

ማታውኑ ቦንጋ ስገባ ለአስተማሪዬ ደውዬ በደስታ ነገርኳት። ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"አስቀመጧቸው?"

"አላስቀመጧቸውም። ግን ቀጠሮ ሰጡ። መንገዱ ሲደርቅ ኑ አሉ።"

ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ "ሃሎ" አልኩ።

"ከአንተ በፊት ለመጣውም እንደዚያ ነው ያሉት" አለች በመጨረሻ። "አንተ ጌሻን አታውቀውም። እኛ ጋ መንገድ አይደርቅም።"

ልክ ነበረች። እኔ ብጠይቅ፣ ባስጠይቅ፣ ከደካ የሚመጣውን የጭነት ሹፌር ሁሉ ባቆም፣ "ደርቋል" ያለኝ አንድ ሰው አልተገኘም። ጫካው እንደ ጣሪያ ከላዩ ነው፤ ፀሐይ ብትወጣም መንገዱን አታገኘውም። ዝናብ ባይዘንብ ጉሙ ይንጠባጠባል። ሰውዬው ያለ ክፉ ቃል፣ ያለ ኩርፊያ፣ እስከ ዕለተ ምጽአት ቀጥረውኝ ነበር። ተቃጠልኩ፤ ግን እውነቴን ነው፣ አደነቅኋቸው። እኔ ደንበኛ ለመሸኘት ስንት ምላስ እፈጃለሁ፤ እሳቸው በሦስት ቃል ጨረሱ።

በዚያ ሳምንት ጥቁሯን ጀርመን ለሽያጭ አወጣኋት። ጅማ ያለ ደላላ አንድ አስፋልት ላይ የሚኖር ሰው አገኘላት። ስትሄድ አላለቀስኩም፤ የበረሃ አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው። ቦንጋ በረሃ የለም እንዳትሉኝ።

በምትኳ የገዛኋት ጃፓኖች ስማቸውን ሰጥተው ህንዶች የሠሯት ትንሽ ነጭ መኪና ናት። የጀርመኗን ኮፈን ብትከፍቱት ገብታ የምታድር። አሁን እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ስለ እሷ ሳወራ ልክ አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን በገበያው በኩል ስነዳት ከተማው ሥራ ፈትቶ ቆመ። ጎረቤቴ የጫማ ነጋዴው ከሱቁ ወጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። "ጀርመኗ ወለደች እንዴ?" አለኝ። የባጃጅ ሹፌሮች፣ "ጋሼ፣ የቀረውስ መቼ ይመጣል?" አሉኝ። አንዱ፣ "እንደ ሹራብ በሙቅ ውኃ አጥበዋት ነው የተኮማተረችው" ብሎ ሐዘኑን ገለጸልኝ። ሁልጊዜ የሚከፍትልኝ ዘበኛ አስቁሞ ፈተሸኝ፤ ወንበር ሥር ሳይቀር። አጎቴ ቤቴ መጥተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ከሰርክ እንዴ? ለእኔ አትደብቀኝ" አሉኝ።

አልከሰርኩም። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ሌላው ሲሰለፍ እሷ ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ጠረን ብቻ ትሄዳለች። ዳሽቦርዷ ላይ ያሉት መብራቶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሲጠፉ ይጠፋሉ። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ አይከድነውም፤ ይስቃል፣ እጁን ይሰድዳል፣ "በቃ፣ ሂዱ" ይላል። ዕቃዋ ቦንጋ ገበያ ከሽንኩርት ጎን ይሸጣል ብል ማጋነን ነው፤ ከሽንኩርቱ ማዶ ካለው ሱቅ ግን አይጠፋም። ሲሚንቶ ጫንኩባት፣ ተሸከመች። ቆርቆሮ ላይዋ ላይ አሰርኩ፣ ሄደች። ወደ ቢታ ገነት ለደንበኛ ቀለም ይዤ ዳገቱን ስወጣ፣ ከኋላ የሚገፋኝ ሰው ያለ መስሎኝ በመስታወት አየሁ። ማንም የለም። እሷው ናት። ከታች ሆዷ ከመሬት ራቅ ያለ ነው፤ እግሯን እንደ ፍየል ሰብሰብ አድርጋ ነው የምትረግጠው። ፍየልስ ይደክማታል።

የጀርመኗ ክብር ከእኔ ጋር አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ እሷን የማገለግል። ይቺ ትንሿ ግን ጠዋት ቁልፍ ስትነካ "አቤት" የምትል ናት። አስተማሪዬ የመጀመሪያ ቀን ገብታ ጉልበቷን ሰብስባ ተቀመጠችና ዙሪያዋን አየች።

"ይቺንስ ወደድኳት" አለች። "አትኩራራም።"

"ጠበበችሽ?"

"ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ተለክታ የተሠራች ነገር አውቃለሁ።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ደካ ትደርሳለች?"

"ገነት ትደርሳለች።"

"ገነት አላልኩም። ደካ ነው ያልኩት።"

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ሲሆን ሽማግሌዎቼን ሰበሰብኩ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስበው ነው መሰለኝ ተቃወሙ፤ "ቀጠሮ ሳይደርስ ሽማግሌ አይሄድም። ውርደት ነው" አሉ። ሁላችንም ወደ ዳይሬክተሩ አየን። ዳይሬክተሩ ወጥተው ትንሿን መኪና አንድ ዙር ዞሯት፤ ጎማዋን በከዘራ ነካ ነካ አደረጉ። እሳቸው ድሮ ክፍል ያረፈደ ተማሪ ሲያስገቡም እንዲህ ነበር የሚያስቡት።

"ቀጠሮው ምን ነበር? መንገዱ ሲደርቅ" አሉ። "ለማን ሲደርቅ? አላሉም። ለዚች ደርቋል። እንሂድ።"

ሦስቱን ትልልቅ ሰዎች እንደ ሰርዲን አስገባኋቸው። ዳይሬክተሩ ረጅም ናቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ፤ ከኋላ ወንጌላዊውና አጎቴ ጋቢ ለጋቢ ተጠላልፈው ማን የማን እንደሆነ አልለይ አለ። ሰማዩ ከቦንጋ ጀምሮ ተቀዶ ነበር። የኖኅን ዝናብ ካፊያ የሚያሰኝ ዓይነት።

ያ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ፣ ዛፎቹ ጋ፣ ገበሬው ከሩቅ ድምፃችንን ሰምቶ በሬዎቹን አስሮ እየመጣ ነው። ጭቃው መሀል ላይ እንደ ወጥ ተዘርግቷል። እኔ ግን ወደ መሀል አልገባሁም። ከዛፉ ወዲያ፣ ፈረሶች የሚያልፉባት ሣር የለበሰች ቀጭን መንገድ አለች። ጥቁሯ ጀርመን በዚያ ልታልፍ ብትሞክር ትከሻዋ አያስገባትም። ትንሿ ጎኗን ሰብስባ፣ መስታወቷ ዛፉን "ይቅርታ" ብሎ ነክቶት፣ አለፈች። ከኋላዬ ወንጌላዊው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጸሎት ተናገሩ። "ጎበዝ!" አሉ።

ገበሬው በሬዎቹን ይዞ አፉን ከፍቶ ቆመ። "ዛሬ በሬ አይፈለግም?" አለ በቅሬታ።

"ዛሬ አይፈለግም!" አሉ አጎቴ በመስኮት፤ ክብራቸው ተመልሶ።

በማለዳ ደረስን። ሰውዬው ከቤት አልወጡም። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ ባርኔጣዬን ደፍቼ ቀረሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

"መንገዱ ደረቀ እንዴ?" አሉ አባትየው፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ።

"ለእኛ ደርቋል" አሉ ዳይሬክተሩ፣ ፊታቸው ሳይቀየር።

ከዚያ አባትየው የእንሰት ቅጠላቸውን ይዘው ወጡ። መስኮቱን ከመንኳኳቱ በፊት ከፈትኩት። ይከፈታላ።

"ያቺ ጥቁሯ የት ሄደች፣ ሹፌር?"

"ተሸጠች፣ አባባ።"

"ሰውዬው ደኸየ?"

"አልደኸየም። ልብ ገዛ።"

"አንተስ? አዲሷ ተመቸችህ?"

"አባባ፣ ይቺን መኪና የሠራ ሰው እናቱ ትባረክ። ጀርመኗ ንግሥት ነበረች። ንግሥት ደግሞ ትጎበኛለች እንጂ ቤት አትይዝም።"

አላሳቃቸውም። ዞረው ሌላኛውን በር ከፍተው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቅጠሉን ሳይቀር ይዘው። "እስቲ ወደ ቀፎዎቼ ውሰደኝ" አሉ። "ከወንዙ ማዶ ናቸው። በበጋው ያወረድኩት ማር እዚያ ጎጆ ውስጥ ቀርቷል።"

"ሽማግሌዎቹስ፣ አባባ? ቆመዋል እኮ።"

"ይቁሙ። ሽማግሌ መቆም ያውቃል።"

ሄድን። መንገድ አልልም፤ መንገድ ሊሆን የሚያስብ ነገር ነበር። ቀርከሃው ከግራና ከቀኝ ይነካናል፣ ጎማው ሥር ውኃ ይሮጣል። ትንሿ ትንሸራተታለች፣ ትይዛለች፣ ትንሸራተታለች፣ ትይዛለች። ወንዙ ላይ ስንደርስ ልቤ ቆመች፤ እሷ አልቆመችም። እሳቸው ዓይናቸው ከመንገዱ ላይ አልተነሳም። አንዴም አልጮሁ፣ አንዴም ዳሽቦርዱን አልያዙ።

ማዶ ስንወጣ፣ "ይቺ በሐምሌ ትመጣለች?" አሉኝ።

"አባባ፣ ዛሬ ሐምሌ ነው።"

"ነው ለካ።" ዞረው ወንዙን አዩ። "የልጆቼ እናት በሐምሌ ነው ያረፈችው። ታላቅየዋ ልጄ አዲስ አበባ ነበረች። ባሏ መኪና አለው፤ ያንተን ጥቁሯን የመሰለች፣ እንዲያውም ትበልጣለች። ለጥምቀት ይመጣሉ። ለፋሲካ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ግን መኪናዋ ከታች ቀረች። ልጄ በእግሯ፣ በፈረስ፣ እንደምንም ስትደርስ ልቅሶው ተበትኗል። ድንኳኑን አፍርሰናል።"

ማርሹን ቀንሼ የመስታወቱን ጉም በእጄ ጠረግሁ።

"ለማር የሚመጣ አማች ሞልቷል" አሉ። "ማር የሚወርደው በበጋ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ልጄን ለሚወስዳት ሰው አይከፋኝም። ሴት ልጅ ትሄዳለች። በክረምት የማይመልሳት ነው የሚከፋኝ።"

ጎጆው ጋ ወርደን ማሩን በባልዲ ጫንን። ባልዲው ፈሰሰና ግማሹ ኋላ ወንበር ላይ ቀረ። በጀርመኗ ቆዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ራሴን ስቼ በወደቅኩ። እሳቸው ደንግጠው ሲያዩኝ፣ "ምንም አይደል፣ ጨርቅ ነው፣ ይታጠባል" አልኩ። ያቺን ቃል ስናገር በፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ላላ።

ስንመለስ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ግቢው ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ለሰውዬው አንድ ነገር ንገርልኝ" አሉ።

"ምን ልበለው፣ አባባ?"

"ልጄ ፎቶውን በስልኳ አሳይታኛለች በለው። ከዚያ ወዲህ ወፍሯል። ባርኔጣውም አያምርበትም።"

ወርደው ገቡ። በክፍቱ በር አየኋቸው። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች እንደተዋቸው ቆመዋል፤ አጎቴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወንጌላዊው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳይሬክተሩ በከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው እንደ ሐውልት። አባትየው የማር ባልዲውን መሀል ላይ አስቀመጡ። ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩ።

"ኧረ ምን ያቆማችኋል?" አሉ። "ተቀመጡ እንጂ!"

አጎቴ ተቀመጡ ማለት አይቻልም፤ ወደቁ። ወንጌላዊው "አሜን" አሉ።

"ያን ሹፌርም ጥሩት" አሉ አባትየው። "ዝናብ ላይ ምን ያደርጋል።"

ደካ አካባቢ ስልክ የሚይዘው ከግቢው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ቆሞ ነው። ማሩን ቀምሼ፣ ቆጮውን በልቼ፣ በዝናቡ ሮጬ ወጣሁ። ደወልኩላት። አንዴም ሳይጠራ አነሳችው።

"አስቀመጧቸው?"

"አስቀመጧቸው።"

ወዲያ በኩል ምንም አይሰማም። ሃሎ አላልኩም። እንዲህ ያለውን ዝምታዋን ያኔ ለይቼዋለሁ።

"ሦስቱንም?" አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

"ሦስቱንም። ዳይሬክተሩን ግን አሁን ማስነሳት አልቻልንም። ጉልበታቸው ተቆልፏል። እኔ፣ አጎቴና አባትሽ ተጋግዘን ሞክረናል።"

ሳቀች፤ ስቃ ስቃ መሀሉ ላይ አለቀሰች መሰለኝ፤ ዝናቡ ስላለ አልለየሁትም።

"መንገዱስ?" አለችኝ። "ደረቀ?"

ቁልቁል አየሁ። ትንሿ ነጭ መኪና ግቢው በር ላይ እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳ፣ የፈሰሰው ማር የጠራቸው ንቦች በዝናብ መሀል እየዞሯት፣ ቆማለች።

"ኧረ የት ይደርቃል" አልኳት። "ነገ መጥቼ ላምጣሽ?"